«የት ላይ ነው የምፈርመው?»

ባለፈው ሰሞን ለአንድ የውክልና ጉዳይ ውልና ማስረጃ ሄጄ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ሦስት ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ አብሮ አደጎች መሆናቸው ከቀልዳቸው ያስታውቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁሙ የመመሥረቻ ጽሑፋቸውን በፌስታል ይዘው መጥተዋል። ተራቸው ደርሶ ሠራተኛዋ «ሰነዱን አንብባችሁታል?» ስትላቸው ሦስቱም በአንድ አፍ «አዎ» አሉ። ወዲያው አንደኛው ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ «የት ላይ ነው የምፈርመው?» አለው። ምን ላይ እንደሚፈርም ግን አልጠየቀም።

«ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚል ታፔላ ያልተሰቀለበት ሕንፃ በከተማችን ማግኘት ያስቸግራል። የተወሰነው ምኑ እንደሆነ ቢጠየቅ ግን ብዙው ሰው ይንተባተባል፤ ከስም ኋላ የሚለጠፍ ማዕረግ የሚመስለውም አለ። ነገሩ ቀላል ነው። ሕጉ ማኅበሩን ራሱን እንደቻለ ሰው ይቆጥረዋል፤ በስሙ ይገዛል፣ ይበደራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ቢከስር አባሉ የሚያጣው ያዋጣውን ነው እንጂ አበዳሪ መጥቶ የመኖሪያ ቤቱን አይሸጥበትም። ይህ ከለላ ግን ግዴታ አለው። ማኅበሩ ሌላ ሰው ከሆነ ገንዘቡም የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ከድርጅቱ ካዝና የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እያወጣ የሚከፍል ባለድርሻ ከለላውን በገዛ እጁ እየናደው ነው።

ጉዳዩ ከወረቀት ያለፈ መሆኑን ያየሁት በአንድ የሽምግልና ጉባኤ ላይ ነው። ሁለት የእህል ነጋዴዎች እኩል አዋጥተው አይሱዙ ገዙ። ሊብሬው በአንደኛው ስም ወጣ። በየወሩ መጨረሻ ሻይ ቤት ተቀምጠው ገቢውን ይካፈላሉ፤ ለዓመታት አንድም ቀን አልተጣሉም። ሊብሬው በስሙ የነበረው በድንገት አረፈ። ሚስቱ ፊት ስንቀርብ «እንደ ወንድሙ ነበር የሚያየው፤ ግማሹ የሱ ነው ሲል ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም» አለች። አልዋሸችም። በሕይወት የቀረው ሸሪክም አልዋሸም። በመጨረሻ መኪናው ተሽጦ እሱ ሲሶውን ይዞ ሄደ። እኛም አስታረቅን ብለን ተነሣን፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

«የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል» ስለምንል ወረቀት እንጻፍ ያለ ሸሪክ የተጠራጠረን ይመስለናል። እነዚያ ሁለቱ ግን ይተማመኑ ነበር። ችግሩ መተማመን አለመወረሱ ነው።

የንግድ ሕጋችን እኛ ለመጠየቅ የምናፍራቸውን ጥያቄዎች አስቀድሞ ጠይቋል፤ ብትሞትስ? ልውጣ ብትልስ? ብንከስርስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ ያረቀቁት ዣን ኤስካራና እሳቸው ሲሞቱ ሥራውን የቀጠሉት አልፍሬድ ዦፍሬ የተባሉ ፈረንሳውያን ምሁራን ነበሩ። ከ61 ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. የንግድ ማኅበራትን የሚመለከተው የሕጉ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተካ። አዲሱ ሕግ ሰባት ዓይነት የንግድ ማኅበራትን ዘርዝሯል። ልዩነታቸውን በአንድ መስፈሪያ መለካት ይቻላል፤ ሰዎቹ ምን ያህል ይተዋወቃሉ? ደግሞስ አንዱ ለሌላው ዕዳ እስከ ምን ይቆማል?

በኅብረት ሽርክና ማኅበር ሁሉም አባላት ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ፣ በግል ሀብታቸው ጭምር ይጠየቃሉ። ይህ በጣም ለሚተማመኑ ነው። የእሽሙር ማኅበር ደግሞ ሸሪኮቹ በመካከላቸው የሚያውቁት፣ ለውጭ ሰው ያልተገለጠ፣ የሕግ ሰውነትም የሌለው ነው፤ የነዚያ ነጋዴዎች አይሱዙ ወደዚህ ይጠጋል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለቤተሰብና ለወዳጅ የተሰፋ ልብስ ነው። የአባላቱ ቁጥር ከ50 አይበልጥም፤ ድርሻውን ለባዕድ ልሽጥ ያለም የሌሎቹን ይሁንታ ይጠይቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሎሚው ከሃምሳ ሰው ሲያልፍ ጌጥነቱ ይቀርና ቆጣሪና ተቆጣጣሪ ይሻል። ለማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች የተበጀው አክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ የዳይሬክተሮች ቦርድና ኦዲተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሮጌው ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ስንቱ ሰው ሚስቱን ወይም ወንድሙን ለስሙ በአንድ ድርሻ አስገብቷል! ባለድርሻ መሆኗን ባሏ ከሞተ በኋላ የሰማች አውቃለሁ። አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበር ስለፈቀደ ለስሙ ብቻ የሚገባ ሸሪክ መፈለጉ ቀርቷል። ሳያነብቡ መፈረማችን ግን አልቀረም። ለሌላ ድርጅት የተጻፈውን መመሥረቻ ጽሑፍ ስም ለውጠን እናትመዋለን፤ ስለዚህ የሌሎች ሰዎች ጠብ የወለደው አንቀጽ የእኛ ሕግ ይሆናል።

ቢያንስ ሦስት ነገር ጮክ ተብሎ ቢነበብ ምን ነበር? ሥራ አስኪያጁን ማን ይሾማል፣ ማንስ ይሽራል? መውጣት የፈለገ እንዴት ይወጣል? አንዱ ቢሞት ወራሹ ይገባል ወይስ ድርሻው ተገምቶ ይከፈለዋል? የሻይ ቤት አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ሦስቱ ወጣቶች ፈርመው፣ ሰነዱን ከፍ አድርገው ፎቶ ተነሥተው፣ ወደ ፌስታሉ መልሰው እየሳቁ ወጡ። ልምከራቸው ብዬ አስቤ ነበር፤ አልደፈርኩም። ተራዬ ደረሰ። ሠራተኛዋ የውክልናውን ወረቀት ገልብጣ አየችና «አንብበውታል?» አለችኝ። «አዎ» ከአፌ ሊወጣ ነበር። ያነበብኩት ርእሱን ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከኋላዬ ያለውን ሰው አሳለፍኩና መነጽሬን ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።