ሞቷል ከማለታችን በፊት



ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ ዘንድ ነበርኩ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንልኝምና አንድ ጠዋት ጓሮዋን ማጽዳት ጀመርኩ። የዝናብ ውሃ በሚተኛበት ጥግ ሁለት የደረቁ ጉቶዎች ቆመዋል። ዙሪያቸው ሣሩ ለምልሟል፤ እነሱ ግን አንድ ቅጠል የላቸውም። «እነዚህስ ከሞቱ ቆይተዋል» ብዬ አንዱን በአካፋ ከነሥሩ ነቀልኩት። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ ተዪው! ተኝቶ እኮ ነው!» አለችኝ እንባዋ እየወረደ።

ነገሩ የገባኝ ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ነው። አባቷ ያረፈ ጊዜ ለቀብሩ መምጣት አልቻለችም ነበር። ሁለቱን ችግኞች የተከለችው በዚያው ወር ነው። አልተቆጣችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከቁጣ የባሰ ነበር። በእጅ ባትሪ እያበራን ሥሩን መልሰን ቀበርነው፣ ውሃም አጠጣነው።

ተክሉ የረግረግ ሂቢስከስ ነው። የምሥራቅ ዩናይትድ ስቴትስ አገር በቀል ሲሆን በወንዝ ዳርና በረግረግ ቦታ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ከባሚያ፣ ከጥጥና ከከርከዴ ጋር ይዛመዳል። ብርዱ ሲገባ ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ይደርቃል፤ ሕይወቱ ሥሩ ውስጥ ይቆያል። ከብዙዎቹ ተክሎች ዘግይቶ፣ አፈሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ግንቦት ውስጥ ያቆጠቁጣል፤ አንዳንዴም ሰኔ ይደርሳል። ስለዚህ ሰኔ ሳያልቅ ተስፋ አትቁረጡበት።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁንለት። የደረቀውን ግንድ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ጉቶው የተተከለበትን ቦታ ያሳውቃችኋል። ከዘር ለማብቀል የፈለገ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፋቅ አድርጎ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድረው።

በሙያዬ ሁለት ነገር ልጨምር። ውሃ ይወዳል ማለት ኩሬ ይቆፈርለት ማለት አይደለም። የተኛ ውሃ በአንድ ሳምንት አካባቢ ቢምቢ ያፈራል፤ ድክ ድክ ለሚል ሕፃን ደግሞ ስንዝር የማይሞላ ውሃም ለሞት ይበቃል። አጠጥታችሁ ስትጨርሱ ባልዲውን ድፉት። ሁለተኛ፣ ሂቢስከስ ስለተባለ ብቻ አበባውን እንደ ከርከዴ አታፍሉት። ከርከዴም ቢሆን ግፊት ሊቀንስ ስለሚችል፣ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ አዘውትራችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ያልነካሁት ሥር ቡቃያዎች አወጣ። የኔው ዝም አለ። የልጅ ልጄ በየጠዋቱ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፤ እኔ ደግሞ እሷን ማየት ያሳፍረኛል። ሰኔ አጋማሽ ላይ አንዲት ቀጭን ቡቃያ ብቅ አለች። ልጅቷ ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

ነሐሴ ላይ ያልተነካው ከኔ ቁመት በለጠ። አበባው የሰሃን ያህል ይሰፋል፤ ነጭ ሆኖ መሐሉ ደማቅ ቀይ ነው። እያንዳንዱ አበባ የአንድ ቀን ዕድሜ ብቻ ነው ያለው፤ በማግስቱ ሌላው ይተካል። የኔው ተክል ሦስት አበባ ብቻ ሰጠ። የመጀመሪያው በፈነዳ ቀን ልጄ ሥራ ከመሄዷ በፊት አጠገቡ ቆማ ስለ አባቷ ታወራኝ ጀመር። ካረፈ ወዲህ ስሙን ሳታለቅስ ስትጠራ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በሥራ ዘመኔ የልብ ምቱን ሳላዳምጥ ማንንም ሞቷል ብዬ አላውቅም። ጓሮ ውስጥ ግን ቸኮልኩ። እናንተም ልጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።