5 ቀን፣ 4 ሌሊት፣ ቁርስን ጨምሮ

ማስታወቂያው ሁሌም ያው ነው። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ባሕሩ ያዘመመ ዘንባባ፤ በጉልህ ፊደል «5 ቀን፣ 4 ሌሊት፣ ቁርስን ጨምሮ»፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ዛንዚባር ለአዲስ አበባ ሙሽሮች ቅርብ ናት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይበርባታል። የጫጉላ ጉዞው ከሠርግ ወጪ ዝርዝር ውስጥ፣ ከቪዲዮና ከዲኮር ጎን ገብቶ ተቀምጧል። መሄዱ ደግ ነው። የማይገባኝ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት የምንጠይቀው ነገር አንድ ብቻ መሆኑ ነው፦ ስንት ነው?

መቼ እንደሚኬድስ ማን ይጠይቃል? የእኛ ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ጥር ደህና፤ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት፣ ሞቃትና ፀሐያማ ወቅት ነው። ከፋሲካ በኋላስ? ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደሴቲቱ ላይ ማሲካ የተባለው ትልቁ ዝናብ ይወርዳል። አንዳንድ ሆቴሎች ጨርሰው የሚዘጉበት ጊዜ ነው። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ለተሞሸሩት ጥንዶች «ልዩ ቅናሽ» ሲቀርብላቸው፣ ቅናሹ ምን ቢገኝ መጣ ብለው መጠየቅ አልነበረባቸውም? ሻጩስ ስለ ዝናቡ ያውቃል? ካወቀ ለምን አይናገርም? ካላወቀ የሚሸጠው ምኑን ነው?

ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት የካቲት ላይ ይውላል። የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ በጾሙ ወር ቀን ቀን በአሮጌዋ ከተማ፣ በስቶን ታውን፣ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ መንገድ ላይ እየበሉ መሄድም ነውር ነው። ሁዳዴን የሚጾም፣ ወይም የሚጾም ጎረቤት ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ምን ያስቸግረዋል? ሆኖም የመዋኛ ልብስ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጎ በመስጊድ ደጃፍ ፎቶ የሚነሳ የአገሬ ሰው አይጠፋም። ሐረር ጀጎል ውስጥ እንዲህ ለብሶ ይዞራል? ትከሻና ጉልበት እንዲሸፈን መጠየቅ ዛንዚባር ላይ ሲሆን ለምን አዲስ ነገር ይሆንብናል?

ወደ ኢንሹራንስም ልለፍ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ የደሴቲቱን ኢንሹራንስ በ44 ዶላር መግዛት ግዴታው ነው። «ሁሉም ተካቷል» በተባለው ጥቅል ውስጥ ይህ አለበት ወይስ ኤርፖርት ሲደረስ ነው የሚታወቀው?

ወደ ባሕሩ ልምጣ። ፎቶው ላይ ያለው ውሃ ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚቆም ይመስላል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄ፣ በብዌጁና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ያውም ብዙ መቶ ሜትር። ለመዋኘት የሄደ ሰው እርጥብ አሸዋ፣ የዓለት ድርድርና እግር የሚወጋ የባሕር ጃርት ይጠብቀዋል። በሰሜኑ ጫፍ፣ በኑንግዊና በኬንድዋ፣ ሽሽቱ ይቀንሳል። ይህን ልዩነት ለደንበኛው አስቀድሞ የሚነግር ወኪል ስንት አለ?

ውሃው ሲሸሽ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ራሳቸውን ተከናንበው ወደተጋለጠው አሸዋ ይወርዳሉ። በሁለት የእንጨት ካስማ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፤ ገመዱ ላይ የባሕር አረሙን ቁርጥ በቁርጥ ያስራሉ። ሲደርስ ለቅመው፣ አድርቀው ይሸጡታል። ከእርሱ የሚወጣው ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙናም በአይስክሬምም ውስጥ ይገባል። ሥራው በብዛት ከተጀመረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ ሸክሙን ይዘው የቆዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አሁን ባሕሩ እየሞቀ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ ጥልቀት በሌለው ውሃ አልበቅል ብሏቸዋል። ከሆቴሎች ጋር የሚጋሩት ዳርቻም ክርክር አላጣውም። እኛ ምን እናደርጋለን? ስልካችንን አውጥተን፣ ጎንበስ ባሉበት፣ ሳንጠይቅ እናነሳቸዋለን። ፈረንጅ ኦሞ ወርዶ ሙርሲዎችን እንደ ሐውልት አቁሞ ሲያነሳ የምንቆጣው እኛ አይደለንም? ቁጣችን ለማን ነበር? ለሚነሱት ሰዎች ከሆነ፣ ጃምቢያኒ ላይ ምን በላው?

«የባሕሎች መገናኛ» የምትለዋን ሐረግ ደግሞ እዩልኝ። አፍሪካ፣ ዓረብ፣ ሕንድ፣ ፋርስ፣ አውሮፓ፤ በአንድ ሰሃን የቀረበ ቅልቅል። ቅልቅሉ እውነት ነው። ስቶን ታውን ውስጥ የተቀረጹት በሮች፣ ፒላውና ቢሪያኒው፣ ታራብ ዘፈኑ ሁሉም ይመሰክራል። ግን ማን በፈቃዱ መጣ፣ ማንስ ተጎትቶ? የኦማኑ ሱልጣን ሰኢድ መቀመጫውን ወደዚህ ያዞረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ደሴቲቱን በቅርንፉድ እርሻ ያለበሰውም እርሱ ነው። እርሻው የተሠራው ከዋናው ምድር በተጋዙ ባሮች ጉልበት ነበር። ዛሬ የቅመም ጉብኝት በሚባለው ላይ አንድ ጎረምሳ እየዘፈነ ኮኮናት ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ከዘንባባ ቅጠል ባርኔጣና ክራቫት ጎንጉኖ ያለብሰናል፤ እኛ ቅርንፉዱን እያሸተትን እንስቃለን። ለሻያችን የምንጨምረውን ቅርንፉድ በዚያ ዘመን ማን ለቀመው ብሎ የጠየቀ አለ?

የባሪያ ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል፤ ግቢው ውስጥ በጉድጓድ የተተከሉ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የሰው ሐውልቶች አሉ። የመዝጊያውን ውል በእንግሊዞች ግፊት የፈረመው ሱልጣን ባርጋሽ ነበር። ሙሽሮቻችን ወደቡ ፊት ለፊት ፎቶ የሚነሱበትን የድንቆች ቤት በ1883 ያሠራውም እርሱ ነው። (ቤቱ በ2020 ዲሴምበር በከፊል ተደርምሷል።) የባርጋሽ እናት ማን ነበረች? ሐበሻ ነበረች፤ የሱልጣን ሰኢድ ቁባት። ከቤተ መንግሥቱ ሸሽታ ጀርመናዊ ያገባችው ልዕልት ሳልሜ በ1886 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፏ በሐረሙ ውስጥ ስለነበሩ ሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። እነዚህ ሴቶች ዛንዚባር የደረሱት በጥቅል ጉዞ አልነበረም። «ዛንዚባር ለእኛ ምናችን ናት?» የሚል ካለ መልሱ በባርጋሽ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል። ታዲያ ይህን ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የሚነግር አንድ መስመር በየትኛው ብሮሹር ላይ አለ?

ቅልቅሉ ሰላማዊ ነበር የሚለውስ? ጃንዋሪ 12 ቀን 1964 የተነሳው አብዮት ሱልጣኑን ገለበጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በአብዛኛው ዓረቦች፣ ተገደሉ፤ ሕንዶችም ጭምር ብዙዎች ተሰደዱ። ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ እዚህ የተወለደ የሕንድ ፓርሲ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ሄደ። የ2021 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ተሸላሚው አብዱልራዛቅ ጉርናህም ከአብዮቱ በኋላ በወጣትነቱ የተሰደደ ነው። የዘፋኙን ስም የያዘው ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ይሰለፋል። ለምን ሄደ የሚለውን ከተሰላፊዎቹ ስንቱ ይጠይቃል? አብዮት፣ ውርስ ቤት፣ ስደት፤ እነዚህን ቃላት ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ያስፈልጋል?

አስጎብኚ የሚለውን ሁሉ መቀበልም አለ። ከስቶን ታውን በጀልባ የሚኬድባት የእስር ቤት ደሴት ላይ ግዙፍ ኤሊዎቹን እየዳሰስን «እስረኞቹ የት ነበር የሚተኙት?» እንላለን። ሕንፃው ለእስር ቤትነት ታስቦ ተሠራ እንጂ ያገለገለው ወረርሽኝ የተፈራባቸውን መንገደኞች ለማቆያነት ነው። ኤሊዎቹም ከሲሼልስ የመጡ ናቸው። ይህ የሚያስደንቀው ያንስ ይመስል የሌለ እስረኛ ለምን እንፈልጋለን?

ደስ የሚለኝን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳ ሞጃ» ካለህ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ፈረንጁ ከጀልባ ቀዛፊው ጋር ስድስት ሰዓት እየተሳሳተ ሲቀጣጠር፣ እኛ ሳናሰላ እንግባባለን። ይህን ያህል ቅርብ የሆነውን ሰው ግን አናነጋግረውም። በፎሮዳኒ የማታ ገበያ ኡሮጆ ሾርባ ከሚሸጠው ልጅ ፊት አልፈን፣ ሆቴል ገብተን፣ ቡፌ ላይ የተደረደረ ፓስታ በሻንጣ ባመጣነው ሚጥሚጣ እንበላለን። ሚጥሚጣውንስ ይሁን፤ ፓስታውን ግን ቦሌ አናገኘውም ነበር?

ባለፈው አንድ የጉዞ ወኪል ያዘጋጀውን የቀን መርሐ ግብር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ለመዋኛ ገንዳ ሁለት ግማሽ ቀን ተመድቧል፤ ለጀልባ ሽርሽር አንድ ቀን፤ ለፎቶ ፕሮግራም ከነልብስ ቅያሪው ሦስት ሰዓት። ስቶን ታውን፣ ገበያውም፣ ካቴድራሉም፣ ወደቡም፣ የባርጋሽ ቤትም ተደምረው የተሰጣቸው ሁለት ሰዓት ነው፤ ያውም «ከግዢ ጋር»። ይህን የደለደለው ሰው ዛንዚባር ሄዶ ያውቃል?