መቐለ ወይስ አዲስ አበባ፦ የመውደቂያው ዋጋ

በዓምደኛው፣ ከመቐለ

መቐለ ውስጥ ዲግሪ የያዘ ወጣት ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ያልተቋጨ ክርክር አለ። እናት «የት ልትሄድ?» ትላለች፤ አባት ዝም ይላል፤ አዲስ አበባ ያለው አጎት በስልክ «ላኩት እንጂ፣ እዚያ ተቀምጦ ምን ሊያደርግ ነው?» ይላል። ልጁ የሥራ ማስታወቂያ ያገላብጣል። ሮማናት አደባባይ አካባቢም ሆነ ዓዲ ሓቂ ካፌ የተቀመጡ ወጣቶች መሀል ጆሮ ጣል ብታደርጉ የምትሰሙት ይህንኑ ነው፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ክርክሩ ሁለት የታወቁ ጠበቆች አሉት። አንደኛው «ሁሉም ከሄደ ይህን ከተማ ማን ይሥራው?» ባይ ነው፤ ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ የራሱን ልጆች አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያደረሰ ሰው ነው። ሁለተኛው «መቐለ ተስፋ የላትም፣ ሂድና ሰው ሁን» ይላል፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ የገባው የቤት ኪራይ እንዲህ ሳይንር ነው። ሁለቱም በራሳቸው ዘመን ሒሳብ የልጁን ዘመን ያሰሉለታል።

ልጁስ ምን ይላል? «እሞክረዋለሁ፣ ካልሆነ እመለሳለሁ።» እኔ ከክርክሩ ሁሉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሥራ በጀመረ በዓመቱ የሚለቅ፣ ያሰበው ሳይሆንለት ቀርቶ ሌላ የሚሞክር ወጣት ምንም ነውር የለበትም፤ ዕድሜው ነው። ስለዚህ ከተማ ሲመርጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የትኛው የበለጠ ይከፍላል ብሎ አይደለም። ያሰብኩት ባይሳካ የትኛው ምን ያስከፍለኛል ብሎ ነው። በዚህ መለኪያ ሁለቱ ከተሞች በጣም ይራራቃሉ።

ከአዲስ አበባ እንጀምር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር ነው። የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ እጅ ላይ የሚደርሰው ከ9,000 ብር በታች ነው። አንዲት ክፍል ቤት ግማሹን ብቻ ብትወስድ እንኳ የቀረው ለምግብ፣ ለታክሲና ለስልክ ሲከፋፈል ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ያውም ይህ ሥራ ያገኘው ሰው ሒሳብ ነው። ሥራ የሚፈልገው ወጣት ከዚያው ወጪ ጋር ያለ ገቢ ይጋፈጣል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ከቤት የሚላክለት ገንዘብ የመግዛት አቅሙ በፊት የነበረው አይደለም።

የቤት ኪራይ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1320/2016። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ከተማውን የማያውቅ፣ ሻንጣውን ይዞ ደላላ ፊት የቆመ ልጅ ግን ለአከራይ አዋጅ አይጠቅስም፤ የተባለውን ከፍሎ ይገባል፣ ካልሆነም ወደሚቀጥለው ግቢ ይሄዳል። በዚህ ላይ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ሲያፈርስ ለአዲስ ገቢ መጠለያ የነበሩት መሀል ከተማ ያሉ ርካሽ ክፍሎችም አብረው ሄደዋል። ድሃው ወደ ዳር ወጣ፤ ሥራው መሀል ቀረ። ጠዋት ከአራብሳ ወይም ከገላን ተነሥቶ ታክሲ የተሰለፈ ሰው ቀኑ ገና ሳይጀምር ግማሹ ያልቅበታል።

ደግሞ ዋስ አለ። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ሥራ ከሆነ፣ ሱቅ ሻጭም ሆነ ካሸር፣ ደመወዝ ያለው ዋስ አምጣ ይባላል። መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ፣ እዚህ ደግሞ የሚያስመዘግብ ባለቤት ያስፈልጋል። እንግዲህ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ ስታዩት አዲስ አበባ የሚገባው ልጅ አይደለም ከተማውን የሚመርጠው፤ የሚመርጥለት አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ነው። አክስት ቤት ሳሎን ላይ ፍራሽ ያለው ልጅና የሌለው ልጅ የሚገቡበት ከተማ ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ስድስት ወር ሥራ ቢያጣ ያፍራል። ሁለተኛው ስድስት ወር ሥራ ቢያጣ ጎዳና ይወድቃል።

ስለ መቐለ ልጅ ስንናገር ሌላም የማይዘለል ነገር አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የትግራይ ተወላጆች በብዛት ታስረው ነበር፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በጊዜው እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ሥጋቱን ገልጿል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ሰው ይሄዳል ይመጣል፣ ይነግዳል፣ ይጋባል። ነገር ግን «እዚያ ሄዶ ምን ይገጥመው ይሆን?» የምትል እናት ያየችውን እያስታወሰች ነውና ፍርሃቷን ኋላ ቀርነት ነው እያሉ የሚያናንቁ ሰዎች ቢያርፉ ደስ ይለኛል።

መቐለስ? መቐለ ላይ መውደቅ ርካሽ ነው። የእናት ቤት አለ፤ ጎረቤት ያውቅሃል፤ ሥራ ብታጣ የምትበላው አታጣም፤ ቋንቋህ አያሳጣህም። ችግሩ መወጣጫው መሰላል ተሰብሮ መቅረቱ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ ይህን የሚረሱ ወይም ሆን ብለው የሚያስረሱ አሉ። መቐለ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከሁለት ኮሌጆች ውህደት ከተመሠረተ በኋላ እንዳየሱስና ዓዲ ሓቂ ግቢዎች የመላ አገሪቱ ልጆች መናኸሪያ ሆነው ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከወለጋ፣ ከሐዋሳ የመጣ ተማሪ ትግርኛ ለምዶ፣ ትህሎ ወድዶ ይመረቅ ነበር፤ ተመርቆም የሚቀር ነበር። መሰቦ ሲሚንቶ፣ መስፍን ኢንዱስትሪያል፣ የዓይደር ሆስፒታል፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፤ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ መቐለ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ የተሻለ እንደሚከፍል እያወቀ መቐለን የሚመርጥ ምሩቅ ሞኝ አልነበረም፤ ኪራዩ ትንሽ፣ ሥራው ቅርብ፣ ምሽቱ ሰላም ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ የሆነውን እዚህ አልዘረዝረውም። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባንክ ተዘግቶ ነበር፤ ያጠራቀመ ሰው ያጠራቀመውን ማውጣት አልቻለም። የመንግሥት ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ኖረ። ለኢንዱስትሪ ፓርኮቹ ዋና መስህብ የነበረው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ አጎዋ፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ለመላው ኢትዮጵያ ቆመ። መጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ የተዘጋው ትምህርት ቤት ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ለብዙው ተማሪ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በወጉ አልተከፈተም። በሃያ ሦስት ዓመቱ መመረቅ የነበረበት ልጅ በሃያ ስድስትና በሃያ ሰባት ይመረቃል። ከዚያም አዲስ ምሩቅ የሚቀጥር ባንክ የዕድሜ ጣሪያና የምረቃ ዓመት ጽፎ ይጠብቀዋል። ይህ ጥፋት የልጁ አይደለም፤ ቅጹ ግን ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ቀጣሪ ድርጅቶች የትግራይ ተማሪዎች የጠፉባቸውን ዓመታት ከዕድሜያቸው ቢቀንሱላቸው ውለታ አይደለም፣ ሒሳብ ማስተካከል ነው።

የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም መሰላሉ ቶሎ የሚጠገን መስሎን ነበር። አውሮፕላኑ በታኅሣሥ ተመለሰ፣ ስልኩ ተመለሰ፣ ካፌዎቹ ሞሉ። ያልተመለሰው ነገን አስቦ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ነው። ተፈናቃዩ አሁንም ሰብዓ ካሬን በመሰለ መጠለያ ውስጥ ነው፤ ሕወሓት በ2016 ዓ.ም. ተከፈለ፤ የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከጌታቸው ረዳ ወደ ታደሰ ወረደ ተላለፈ፤ ጦርነት ይመለስ ይሆን የሚለው ወሬ በየጥቂት ወሩ ከተማውን ይዞረዋል። ወሬው በተነሣ ቁጥር ሰው ባንክ ይሰለፋል፣ ዘይት ይገዛል፣ የጀመረውን ሕንፃ ያቆማል። በዚህ ዓይነት ከተማ ወጣት የሚቀጥር አዲስ ድርጅት እንዴት ይከፈታል? «ወጣቱ ሥራ ፈጣሪ ይሁን» የሚሉ ሥልጠናዎች ላይ የሚሰጠው ደብተርና እስክሪብቶ ይህን አይመልስም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል እኩዮች ናቸው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ መቐለ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሡ መተማ ላይ ሲወድቁ ሥልጣኑ ወደ ደቡብ ሄደ፤ ቆይቶም ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። መቐለ ከአርሆ የጨው ግመሎቿ ጋር ቀረች። ከወልድያ መቐለ ይደርሳል የተባለው የባቡር መስመርም እስካሁን ሳያልቅ እንደቆመ ነው። ስለዚህ የዛሬው ልጅ በአዲስ አበባ ፊት የሚሰማው ማነስ የሰነፍ ከተማ ልጅ ስለሆነ አይደለም፤ መንገድና በጀት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲፈስ ያመጣው ነው።

መንገድ ካነሣን ወደዚያች «ካልሆነ እመለሳለሁ» እንመለስ። ከአዲስ አበባ መቐለ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደሴ፣ በወልድያና በአላማጣ የሚያልፈው የተለመደው መስመር የአማራ ክልል ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ አስተማማኝ ባለመሆኑ ብዙ መኪና በአፋር፣ በሰመራና በአብዓላ ይዞራል። አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ግን ትኬቱን የሚገዛው ሥራ ያገኘ ሰው ነው። መመለሻው እንዲህ የሚከብድ ከሆነ «እሞክረዋለሁ» የሚለው ቃል ራሱ ቀልድ ይሆናል።

እኔ ብጠየቅ የምለው ይኸው ነው። በእጁ የተጨበጠ የቅጥር ደብዳቤ ወይም የሚያሳድረው ዘመድ ያለው ይሂድ፤ ማንም በአገር ፍቅር ስም አያሳቅቀው። «ደርሼ እፈልጋለሁ» የሚለው ግን ቢያንስ የስድስት ወር ኪራይና ቀለብ ሳይቋጥር ባይነሣ እመክራለሁ። ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ የሚያውቅ ልጅ መቐለ ላይ ስሙን ቶሎ ያወጣል ብዬ አምናለሁ፤ እሱ አዲስ አበባ የሚሄደው ከጓደኛ ላለመቅረት ከሆነ ደጋግሞ ቢያስብበት ይሻላል። አዳማና ሐዋሳን የሚያስቡም አሉ፤ ኪራዩ ይቀላል፣ ዘመድ ግን ይሳሳል። በሊቢያና በየመን የሚያልፈውን ሦስተኛውን መንገድ፣ ስደትን፣ ከምርጫ አልቆጥረውም፤ ሁለቱም ከተሞች ሲዘጉበት የሚገባበት ነው።

ስድስት ወር ኪራይ ቋጥር ማለት ግን ከየት አምጥቶ? እዚህ ላይ ምክሬ የራሱ ዕዳ አለበት። የትግራይ መምህራን በጦርነቱ ጊዜ ያልተከፈላቸውን የ17 ወር ደመወዝ እስከ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ጠይቀዋል። ይህ ገንዘብ የጥንት ዕዳ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ተደርጎ ነው የሚወራው። መምህር አባት ላለው ልጅ ግን ይህ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ነው፤ አለዚያም መቐለ ላይ የምትከፈት የብየዳ ቤት መነሻ ነው። ልጁ የትኛውን ከተማ ይምረጥ የሚለውን ለቤተሰቡ ትቶ፣ የሚመርጥበትን ገንዘብ መክፈል የመንግሥት ሥራ ነው። መቼ እንደሚከፈል ቀን ተቆርጦ ይነገር።