ሲያጌጡ እንዳይመላለጡ

የሰርግ ወር በመጣ ቁጥር ለዚህ አምድ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከጫማና ከቀሚስ ይልቅ ወደ ፀጉር ያደላሉ። ለዛሬ የመረጥኩት የአንዲት የ22 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ጥያቄ ነው። ታላቅ እህቷ በጥር ልታገባ ነው፤ እሷ ደግሞ ሚዜ ናት። ፀጉሯን ሃይላይት መደረግ አምሯታል። ግን ፀጉር ቤት የሚጠየቀውን ገንዘብ ለሚዜ ቀሚሷ አውጥታዋለች። ስለዚህ እቤቷ ከጓደኛዋ ጋር ልትሠራው አስባለች። ጓደኛዋም ትንሽ በረኪና ጠብ ቢደረግበት ቶሎ እንደሚፈካ ነግራታለች። ፀጉሯ ሪላክስ ከተደረገ 3 ሳምንቱ ነው። እናቷ በበኩላቸው ቢጫ ፀጉር ይዛ ሰርግ ቤት እንዳትገባ አስጠንቅቀዋታል። ልጅቷ የምትፈልገው ተፈጥሮዋ መስሎ፣ ማንም ሳይነቃባት እንዲወጣላት ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ በረኪናውን ወደ ልብስ ማጠቢያው መልሺው። በረኪና ጨርቅ ለማንጣት የተሠራ ነው። ፀጉር ላይ ሲያርፍ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ፀጉሩን ራሱን ይበላዋል፤ የራስ ቆዳንም ያቃጥላል። በብዙ የፀጉር ቀለሞች ውስጥ ደግሞ አሞኒያ አለ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ጓደኛሽ ክፋት አስባ አይመስለኝም፤ ግን ምክሯን አመስግነሽ እለፊው።

ሁለተኛው ነገር ቅር እንደሚያሰኝሽ አውቃለሁ። ሪላክሰር ፀጉርን የሚዘረጋው ፀጉሩን አጠንክረው የያዙትን የውስጥ ማሰሪያዎች በጥሶ ነው። ቀለም የሚያወጣው ብሊችም በበኩሉ ፀጉርን ያዳክማል። ሁለቱ ባንድ ፀጉር ላይ ሲደራረቡ ፀጉሩ እርጥብ እያለ እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ማበጠሪያ ሲነካው ይቆረጣል። «2 ሳምንት ካለፈው ችግር የለውም» የሚሉ አሉ። ሪላክስ የተደረገ ፀጉር ግን ሳምንት ስለተቆጠረለት መልሶ አይጠነክርም፤ አድጎ ተቆርጦ እስኪወገድ ድረስ ያው ነው። ልምድ ያላት ባለሙያ በእጇ ዳስሳ፣ ሞክራ ልትሠራው ትችል ይሆናል። እቤት ውስጥ፣ ያውም ሰርግ ሲቃረብ ግን መልሴ «አይሆንም» ነው። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም!

ታዲያ ለሰርጉ ምን ይሻላል? ከራስሽ ፀጉር ትንሽ ፈካ ያለ ቡኒ ሂዩማን ሄር በትንሹ ግዢ። ከላይኛው የፀጉርሽ ንጣፍ ሥር በቅንጥብ ጣል ጣል ይደረግ። ከላይ የራስሽ ፀጉር ሲወርድበት፣ ስትንቀሳቀሺ ብቻ ብልጭ ይላል። ሰው ሠራሹን ከመረጥሽ ግን ፒያስትራ እንዳታሳርፊበት፤ ይቀልጣል። ሰርጉ ሲያልፍ ትፈቺዋለሽ፤ ፀጉርሽም ራስሽ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ሌሎቻችሁ ልመለስ። ሪላክስ ያልነካው፣ ከዚህ በፊትም ቀለም ያልገባበት ፀጉር ያላችሁ እቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ተፈጥሮ የሚመስል ሃይላይት ምስጢሩ አንድ ነው፦ ትንሽ መሥራትና ቶሎ ማቆም። እኔ የጓደኞቼን ፀጉር ስሠራ ከቀለሙ በላይ የምታገለው «ጨምሪበት» ከሚለው ቃል ጋር ነው።

እስቲ ፀሐይ ላይ የሚውል ልጅ ፀጉር ልብ ብላችሁ እዩ። የሚፈካው የት ነው? ግንባሩ ዙሪያ፣ ከላይ በኩልና ጫፍ ጫፉ ላይ ነው። ከሥር፣ ማጅራቱ ላይ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። እናንተም ፀሐይ የምትደርስበትን ብቻ ተከተሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቀጫጭን ዘለላ ይበቃል። በባለ ጭራ ማበጠሪያ እየከፈላችሁ፣ እንደ ክር አሳንሱት። ሹሩባ መሥራት የምታውቅ ጓደኛ ካለቻችሁ እሷን ጥሩ፤ ቀጭን መክፈል የለመደ እጅ እዚህ ላይ ከውድ ቀለም ይበልጣል። ፀጉራችሁ ጥቅልል ከሆነና እንዲሁ የምትለቁት ከሆነ ደግሞ ሳታበጥሩት፣ ጥቅልሉን አንድ አንድ እያላችሁ ምረጡ።

ሌላው የቀለሙ ደረጃ ነው። በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። አብዛኛውን ጊዜ 1 ጥቁር ነው፤ 10 በጣም የነጣ ቢጫ ነው። የብዙዎቻችን ፀጉር ከ1 እስከ 3 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከራሳችሁ 2፣ ቢበዛ 3 ደረጃ ከፍ በሉና 4 ወይም 5 ላይ፣ ቡኒው ላይ ቁሙ። ጥቁር ፀጉር ሲፈካ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካን ይመስላል፣ ቢጫ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶ ላይ ያያችሁትን ቢጫ በአንድ ከሰዓት እቤት አመጣለሁ ካላችሁ ብርቱካኑ ላይ ነው የምትቀሩት። እስከ 2 ደረጃ ለመፍካት ብሊችም አያስፈልግም። ቀለም ያልገባበት ፀጉር ላይ 20 ቮልዩም፣ ማለትም 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ ያለው ቋሚ ቀለም ከ1 እስከ 2 ደረጃ ያፈካል። 40 ቮልዩም የሚባለው 12 በመቶ ነው፤ እሱን ለባለሙያ ተዉት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቀለም ቀለምን አያፈካም። ዓምና ጥቁር ተቀብታችሁ ከነበረ ዛሬ ቡኒ ብትደርቡበት ለውጡ አይታይም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ከ48 ሰዓት በፊት ትንሽ ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም ክርናችሁ መታጠፊያ ላይ ሞክሩ። ካሳከከ ወይም ካበጠ ነገሩ እዚያው ላይ ያብቃ። ጥቁር ሂና አሳክኳችሁ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ከመሞከራችሁም በፊት ተዉት። ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሂና ውስጥ የሚጨመረው ፒፒዲ የሚባል ንጥረ ነገር በፀጉር ቀለምም ውስጥ አለ። የብረት ጨው የተቀላቀለበት ሂና የነካው ፀጉርም ፐርኦክሳይድ ሲያገኘው ሊግልና ሊበጣጠስ ይችላል። በዚያው ጊዜ ከማጅራት አካባቢ አንድ የማይታይ ዘለላ ቀብታችሁ ውጤቱን እዩ። ይህን የዘለለች ልጅ ሙሉ ራሷን ነው የሞከረችው ማለት ነው።

በዕለቱ ፀጉራችሁ ደረቅ ይሁን፤ ከታጠበ አንድ ሁለት ቀን ቢሆነው ለራስ ቆዳ ይሻላል። ቅቤ የተቀባችሁ ግን ቀደም ብላችሁ አውጡት፣ ቀለሙን አያስገባም። ጓንት አድርጉ፣ በፕላስቲክ ሳህን በጥብጡ፣ መስኮት ክፈቱ። ቀለሙን ከሥሩ አትጀምሩ። ከራስ ቆዳ 2 ጣት ያህል ዝቅ ብላችሁ ጀምሩና በብሩሹ ጫፍ ወደ ላይ እያሳሳችሁ ጨርሱ። የራስ ቆዳ ሙቀት ሥሩን ቶሎ ያፈካዋል። ፀጉር ደግሞ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሥሩ የተቀባ ሃይላይት በሁለት ወሩ መስመር ሠርቶ ያሳብቅባችኋል። ከኋላ ጀምራችሁ የግንባሩን መጨረሻ ላይ ቀቡ፤ እሱ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይይዛል። እያንዳንዱን ዘለላ በፎይል ጠቅልሉ እንጂ ካስክ ውስጥ አትግቡ። በየ5 ደቂቃው አንዱን ጠርጋችሁ መስኮት አጠገብ እዩት፤ የአምፖል ብርሃን ያታልላል። የምትፈልጉት ላይ ከደረሰ ታጠቡት። ካልደረሰም በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሰዓት አትለፉ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ፣ በኮንዲሽነር፤ ለሳምንት ያህል ደግሞ ፒያስትራ አይንካችሁ።

ብርቱካን ሆኖ ቢወጣስ? ፀጉር የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ደንግጣችሁ በዚያው ቀን ሁለተኛ ዙር ለማፍካት እንዳትነሱ። ብርቱካንን የሚያበርደው ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ሻምፖ ተጠቀሙ። ሐምራዊው የሚያበርደው ቢጫን ነው። አሁንም ካልወደዳችሁት ከርሞ የሚጠቁር ፀጉር ነው፤ ሹሩባ ተሠሩት፣ ሻሽ እሰሩበት፣ ጊዜ ስጡት። የተቀባ ቀለም ይስተካከላል፤ የተቆረጠ ፀጉር ግን የሚመለሰው ያችኑ በወር 1 ሴንቲ ሜትር እየቆጠረ ነው።

ጥያቄያችሁን ላኩልኝ፤ ስማችሁን እንደተለመደው አልጠቅስም። ሳምንት ያገናኘን!