የተቆለፈው ስቱዲዮ

ዋና ሊማር የመጣን ልጅ ወንዝ ዳር አስቀምጦ ስለ ውኃ ባሕርይ በጽሑፍ የሚፈትን አስተማሪ ብናይ እንስቃለን። የራዲዮና የቴሌቪዥን ተማሪን ግን «የማይክሮፎን ዓይነቶችን ዘርዝር» ብለን ፈትነን ስናስመርቀው የሚስቅ የለም። ስቱዲዮው አለ፤ ካሜራውም አለ፤ ቁልፉ ግን ንብረት ክፍል ነው። ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ ሳይነካ ያረጃል፤ ተማሪውም እንዳይሳሳት ተብሎ ሳይናገር ይመረቃል።

ለመሆኑ የሚቀርበት ምንድን ነው? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን ወይም «ገና አልመጣም» የምንለው፣ «አለ» የሚለውም «ተናገረ» ይሁን ወይም «ይገኛል»፣ የሚለየው አንባቢው ነው። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያርማል፤ አየር ላይ ያለ ሰው መመለሻ የለውም። ግሳችን ደግሞ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ነው። ተማሪው አርባ ቃል ቢደረድር፣ አድማጩ ነገሩ ይሁን አይሁን ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ይንጠለጠላል። ይህን ሕግ ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ የራስን ድምፅ መልሶ ሰምቶ ማፈርን ግን መጽሐፍ አያስተምርም። «ፖሊስ» ባለ ቁጥር ትንፋሹ ማይክሮፎኑን ሲመታው፣ ከጎኑ የተቀመጠ መምህር «ጥቂት ዘወር ብለህ ተናገር» ይለዋል። ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። በጽሑፍ ይማረው ከተባለ ግን አንድ ምዕራፍ ይፈጃል፤ (ምዕራፉም ብዙውን ጊዜ ከባዕድ ቋንቋ የተገለበጠ ነው።)

በሥራ ላይ መማር ለእኛ አዲስ አይደለም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ሙያውን የሚያስተምር ኮሌጅ አልጠበቀንም። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮም ባለሙያዎቹን በሥራው ላይ ያሠለጥን ነበር። ኮሌጆቹ ከመጡ በኋላ ሙያው ወደ ጥቁር ሰሌዳ መሸሹ ነው የሚያስገርመው።

«ተማሪ አየር ላይ ቢሳሳት ማን ይጠየቃል?» ይሉናል። ፈቃድ ያለው ይጠየቃል፤ አዘጋጅ የሚሾመውም ለዚህ ነው። የማኅበረሰብ ብሮድካስትን የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 533 አውቆት ነበር፤ የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1238ም ያውቀዋል። ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም የማኅበረሰብ ራዲዮ ከፍተዋል። ጣቢያ መክፈት ግን አንድ ነገር ነው፤ ተማሪን ከማይክሮፎኑ ፊት ማስቀመጥ ሌላ።

ከሚከለክለው መምህር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ደጉ መምህር ነው። ተማሪው ሲደነቃቀፍ እያየ አያስችለውም፤ «ቆይ፣ እኔ ላሳይህ» ብሎ ሚክሰሩን ይረከባል፤ ቅንብሩንም ራሱ ይጨርሰዋል። ፕሮግራሙ ያምራል፤ ስሙ የተማሪው፣ እጁ የመምህሩ ይሆናል። ኮትኳች መሆን እጅን አጣምሮ መቀመጥን ይጠይቃል፤ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት እየጠበቁ፣ ስም ማጥፋት ሲመጣ ብቻ ድምፁን እየዘጉ፣ የቀረውን ስሕተት ግን እያሳለፉ። ስርጭቱ ካበቃ በኋላ አብሮ ማዳመጥ አለ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

በእርግጥ አንድ መምህር ስድሳ ተማሪ ይዞ ይህን ሊያደርግ አይችልም። እንግዲያው አምስት አምስት እየሆኑ ተራ ይግቡ፤ ውጤታቸውም ከተሰራጨው ሥራቸው ይያዝ። የአየር ሰዓት የለም ከተባለም፣ አድማጭ የለውም እየተባለ በሙዚቃ የሚሞላውን የእኩለ ሌሊቱን ሰዓት ስጧቸው። ዘበኛውና የታክሲ ሹፌሩ ያዳምጧቸዋል፤ ስልክ ደውለውም ስሕተታቸውን ይነግሯቸዋል።