ጐልምሶ ሥዕል ስለ መማር

አንዳንድ ሰዎች ሥዕል መሣል ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወለዱት ሀብት ነው ይላሉ። ደግሞም በልጅነቱ ያልተማረ ሰው ጢም ካወጣ በኋላ እጁ ደርቋልና ቢደክም ከንቱ ነው ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ጐልማሳውን ከትምህርት የሚያስቀረው የእጁ መድረቅ ሳይሆን እፍረቱ ነው።

ልጅ የሣላት ላም ፍየል ብትመስል ይሥቃል፥ ወረቀቱንም ገልብጦ ሌላ ይጀምራል። ጐልማሳ ግን ዙሪያውን ያያል፥ ወረቀቱን ይደብቃል፥ በማግስቱም እርሳሱን አያነሣም። በስተርጅና ፊደል የሚቈጥር ሰውም እንዲሁ ነው፤ ልጆች እየሰሙት ሀሁን ድምፁን አሰምቶ ማንበብ ያፍራል፥ ስለዚህም ከልጆቹ ይልቅ ይዘገያል።

ጐልማሳ ሌላም ዕንቅፋት አለበት፤ ይኸውም ዓይኑ ያየውን ትቶ ልቡ የሚያውቀውን መሣሉ ነው። የጠረጴዛ አራት እግሮች እኩል መሆናቸውን ያውቃልና አራቱንም እኩል አድርጎ ይሥላል፤ ነገር ግን ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው በስተኋላ ያሉት እግሮች አጥረው ይታያሉ። የሰውን ፊት ሲሥልም ዓይኖቹን ወደ ግንባር ከፍ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። እውነቱን ለማወቅ የሚወድ ግን በጓደኛው ፊት አጠገብ ቀጥ ያለ ዘንግ አቁሞ ይለካ፤ ከዐናት እስከ ዓይን ያለው ልክ ከዓይን እስከ አገጭ ካለው ጋራ ሊተካከል ጥቂት የቀረው ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ያህል ዘመን የሰው ፊት ሲያይ ኖሮ አለማስተዋሉ ያስደንቀዋል።

ለዚህ ነገር የሆላንዱ ሰው ቪንሰንት ቫን ጎግ ምስክር ነው። የተወለደው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1853 ነው። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በሥዕል ነጋዴዎች ዘንድ ተቀጥሮ ሠራ፤ በኋላም በቤልጅግ አገር የድንጋይ ከሰል ለሚቆፍሩ ድሆች ወንጌል ሰበከ። ሹመቱ ባልታደሰለት ጊዜ ግን ሥራ አጥቶ ተቸገረ። ሥዕልን ሥራዬ ብሎ የያዘው በ1880 ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 27 ዓመት ነበረ። በልጅነቱ በትምህርት ቤት ጥቂት ተምሯል፥ በየደብዳቤውም ትናንሽ ሥዕሎች ይጭር ነበር፤ ዳሩ ግን ተግቶ አልሠራበትም።

በምን ጀመረ ቢሉ፥ በጀማሪ ትምህርት ጀመረ። ሻርል ባርግ የተባለ ፈረንሳዊ ለተማሪዎች ያዘጋጀውን የመልመጃ ሥዕል ተውሶ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለበጠ፤ ከጨረሰም በኋላ እንደገና ገለበጠ። ሚሌ የሣላቸውን ገበሬዎችም እያየ ይነድፍ ነበር። ይህን ሁሉ የሠራው በአንድ ከሰል ቆፋሪ ቤት፥ ከባለቤቱ ልጆች ጋራ በሚተኛባት ጠባብ ክፍል ነው። በ1882 በሄግ ከተማ ሳለ ደግሞ በሁለት ችካሎች የሚቆም እንደ መስኮት ያለ ነገር አሠራ፤ በመካከሉም ክሮች ተወጥረውበታል። በዚያ አሻግሮ እያየ የቅርቡንና የሩቁን ልክ ይለይ ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ መያዝ የድካም ምልክት ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ አናጢስ ያለ ቱምቢ ግድግዳ ያቆማልን?

እርግጥ ነው፥ ጐልማሳ የሚበላውን መሥራት አለበት። ቫን ጎግንም ወንድሙ ቴዎ ገንዘብ እየላከ ባያኖረው ኖሮ እርሳሱን ጥሎ በሄደ ነበር። ደግሞም በጥቂት ሳምንት ይለመዳል የሚሉ ሰዎች ያታልላሉ፤ የእርሱ የመጀመሪያ ሥዕሎች ላይ ያሉት ሰዎች እንደ እንጨት የደረቁ ነበሩና።

በ1885 ድንች ሲበሉ ያያቸውን ገበሬዎች ሣለ፤ ያም ሥዕል ዛሬ በአምስተርዳም በስሙ በተሠራው ቤተ መዘክር ይታያል። ይህን ከሠራ በኋላም በ1886 መጀመሪያ በአንትወርፕ ከተማ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። መምህራኑ ሥራውን መርምረው ወደ ጀማሪዎች ክፍል ይውረድ ብለው ፈረዱበት፤ እርሱ ግን ፍርዱ ሳይደርሰው ወደ ፓሪስ ሄዶ ነበር። በዚያም በሠዓሊው ኮርሞን ቤት፥ በዕድሜ ከእርሱ በሚያንሱ ወጣቶች መካከል ተቀምጦ፥ ከጀሶ የተሠራ ምስል እያየ ይነድፍ ነበር።