ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት ቁጥሮች

በዚህ ወር የምናነሳው በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ስለሚደወል አንድ ዓይነት ስልክ ነው።

ደዋዩ ከባንክ ነኝ ይላል። ስም ይጠራል፤ የክሬዲት ካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮችም ይናገራል። ይህ ሊያሳምነን አይገባም፤ አራቱ ቁጥሮች በየደረሰኙ ላይ ይታተማሉና። ከዚያም «በካርድዎ በሌላ ከተማ ዕቃ እየተገዛ ነው» ብሎ ያስደነግጣል። ግዢውን ለማገድ በሚል ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች፣ ወይም በዚያው ቅጽበት በስልክ መልእክት የደረሰውን የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። የጎደለው ይኸው ብቻ ነበር።

በብዙ ቤቶቻችን እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ልጅ ነውና ስልኩን የሚያነሳው እርሱ ነው። «እማዬ፣ ካርዱን አምጪ» ሲል እናት ታቀብላለች። ስለዚህ ነገሩን አስቀድመን ልንነግር የሚገባን ለልጆቻችን ነው። ስልክ ጆሮ ላይ መዝጋት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይዘጋ። ከዚያም ከካርዱ ጀርባ በታተመው ስልክ ወደ ባንኩ ራሳችን እንደውል። በስልካችን ላይ የሚታየው የደዋይ ቁጥር በሐሰት ሊሠራ ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም።

ቁጥሩ አንዴ ከተሰጠ በኋላስ? ባለቤቱ ላልፈቀደው የክሬዲት ካርድ ወጪ የአሜሪካ ሕግ የሚያስከፍለው ቢበዛ 50 ዶላር ነው። በዴቢት ካርድ ግን ገንዘቡ በቀጥታ ከሂሳብ ስለሚወጣ፣ ማመልከቱ በዘገየ ቁጥር ጉዳቱ ሊከብድ ይችላል። ቁጣ ፈርቶ ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ቀናት ያስቆጥራል። ስለዚህ አንቆጣው፤ ወዲያውኑ ወደ ባንኩ አብረን እንደውል።